ከገራባው እስከ ጎሚኒው፦ የድሬ ቤት ቀስ በቀስ

ለአካባቢ የሚስማማ ኑሮ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሶላር ነው፤ ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በኪራይ ቤት ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ። ጣሪያው የአከራዬ ነው። ከቤቴ የሚወጣው ቆሻሻ፣ የሚፈሰው ውሃና የሚነደው ከሰል ግን የእኔ ነው፤ እሱን መቀነስ እችላለሁ። የምከተለው መንገድ እንዲህ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ እመርጣለሁ፣ ቤተሰቡ ሳይነገረው የሚያደርገው ልማድ እስኪሆን እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሁሉን ነገር ባንድ ሰኞ የጀመረ ቤት እስከ ዓርብ ሲሰለች አይቻለሁ።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የቆሻሻውን ማዳበሪያ (ጆንያ) ግቢ ውስጥ ገልብጡና በእንጨት እየለያችሁ እዩት። ከሁሉ የበዛው የመጀመሪያ ሥራችሁ ነው። የአዲስ አበባው ቤት ሌላ ሊያገኝ ይችላል፤ ድሬ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ገራባ፣ ማለትም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት፣ እና ፌስታል፣ ተጣብቀው።

ስለዚህ በገራባው እንጀምር። ቤታችሁ በርጫ (ተሰብስቦ ጫት መቃም) ካለ፣ እንግዶቹ ከመቀመጣቸው በፊት ሁለት ዕቃ መሀል ላይ አስቀምጡ፦ ለገራባው አሮጌ ሳፋ፣ ለፌስታሉ፣ ጫቱ ለታሰረበት ክርና ለሲጋራው ሌላ ዕቃ። ከተነሡ በኋላ እለያለሁ ማለት አያዋጣም፤ ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል? ዕቃው ቀድሞ እዚያ ካለ ግን እጅ ራሱ ይለምደዋል። የባለቤቴ ጓደኞች መጀመሪያ «አቦ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብለው ነበር፤ ዛሬ ሳፋው ከዘገየ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የተለየውን ገራባ እዚያው ቀን ማታ ፍየል ላላቸው ጎረቤቶች ስጡ። ፍየል ትኩሱን ይወደዋል። ሲያድር የሚጠነክረውን ወፍራም እንጨቱን ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ለከሰል መለኮሻ ይሆናል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንድ ፋሲካ ከሰፈር ፍየል ገዝተን ስናርድ፣ ጨጓራው ሲከፈት ቡጢ የሚያህል ድብልብል ነገር ወጣ። አጥበን ስንዘረጋው ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ነው፣ በጫት ክር ተተብትቦ፣ ውስጡ ገና አረንጓዴ ቅጠል አለ። ፍየሉ ፌስታሉን የበላው ቅጠሉን ፈልጎ ነው። ፌስታል ደግሞ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እየተጠራቀመ ጨጓራውን ይዘጋና እንስሳው ሆዱ ተነፍቶ እየከሳ ይሞታል። መንገድ ላይ የምናያቸው ፍየሎች የሰው ሀብት ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ከነሱ ሌላ ምንም የለውም። ገራባን ከፌስታል ለይቶ ማውጣት ምንም ወጪ የለውም፤ ለጎረቤት ግን ንብረት ማዳን ነው።

ገራባው ሲለመድ ፌስታሉን ከምንጩ መቀነስ ይቀጥላል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ቢሆንም ክልከላው እኛ እጅ ላይ ካልጀመረ ዋጋ የለውም። አያቶቻችን ቀፊራ ገበያ ሲወርዱ ዘንቢል ይዘው ነበር። ዘንቢሉ ዛሬም አለ፣ የሚረሳው ግን ቤት ነው። መፍትሔው የሚሰቀልበት ቦታ ነው፦ የበር ቁልፍ በሚንጠለጠልበት ምስማር ላይ ስቀሉት። ቁልፉን የሚያነሣ ሰው ዘንቢሉን ሳይነካ አይወጣም።

ዘንቢል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቲማቲሙ በድንች ይጨፈለቃል። ያረጀ ሽርጥ ካላችሁ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱና መጎተቻ ገመድ ያላቸው ትናንሽ ከረጢቶች አሰፉ። ከአንድ ሽርጥ አራት ይወጣል። አንዱ ለቲማቲም፣ አንዱ ለሽንኩርት፣ አንዱ ለቃሪያና ለሎሚ። ጨርቁ ስስና አየር የሚያስገባ ስለሆነ አትክልቱ ፌስታል ውስጥ እንደሚያልበው አያልበውም፤ በእኛ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሥጋ ክዳን ያለው ዕቃ ያዙ። ገበያ ላይ ደግሞ ቅደሙ፦ ሻጯ ሚዛን ላይ ሳታደርገው «እህቴ፣ ፌስታል አልፈልግም፣ እዚህ ገልብጪልኝ» በሏት። ከተቋጠረ በኋላ ከሆነ ፌስታሉ ወጥቷል። ቤት ውስጥ ያለውን ፌስታል አጥባችሁ አጥፉትና እስኪቀደድ ተጠቀሙበት። አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ የሚተነፍሱትም ግቢ ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

የውሃ ነገር ድሬ ላይ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም። የምንጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፤ በየጊዜው ስለሚጠፋም ጄሪካን ደርድሮ መኖር ለምደናል። ግን በፈረቃ መጥቶ ሲንጠባጠብ የሚያድረውን ማን ይቆጥረዋል? በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ይጥላል፤ አንድ ሙሉ ጄሪካን ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀችው ቧንቧው ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎሚኒ፣ ውሃውን የምትዘጋው ላስቲክ ናት። ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ ፍቱ፣ አሮጌዋን ጎሚኒ ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ ሂዱና መጠኗን አመሳስላችሁ ግዙ። እያጠበቁ መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ ጎሚኒዋን ይበልጥ ይበላታል።

ልብስ ስታጥቡ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ በተለየ ባልዲ ያዙት፦ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለል፣ አመሻሽ ላይ ደጁን ለመርጨት። ኦሞ የበዛበትን የመጀመሪያውን ውሃ አትክልት ላይ አታፍስሱ። የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ግን ለተክል ነው። እኔ ለፓፓያዬ እንዲህ አድርጌያለሁ፦ ባዶ ሃይላንድ ወሰድኩ፣ በጋለ ቀጭን ምስማር ታችኛው ጎኑ ላይ ሦስት አራት ቦታ በሳሁት፣ ከችግኙ አንድ ስንዝር ርቄ አፉ ብቻ እስኪታይ ቀበርኩት። አመሻሽ ላይ በአፉ እጣቢውን መሙላት ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ ሥር ጋ ይሰርጋል፣ ፀሐይም አታተነው። ክዳኑን ጣል አድርጉበት፣ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል። እጣቢው የሩዝ ቁራጭ ካለው በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን።

የእኛ ውሃ ኖራ የመሰለ ዝቃጭ እንዳለው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይመሰክራል። እሱ ሲወፍር ሙቀት ስለሚከለክል ውሃው ለመፍላት የበለጠ ከሰል ወይም መብራት ይበላል። ሎሚ ጨምቃችሁ ከውሃ ጋር አፍሉበት፣ ለጥቂት ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ እሹትና ይለቃል።

ከሰል ላይ አጭር ልሁን። ምድጃችሁ ተራ ቆርቆሮ ከሆነና ካረጀ፣ ሲቀየር ውስጧ ሸክላ ያላትን ላቀች ግዙ፤ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ካላረጀ ግን አትቀይሩ። ቡና ተፈልቶ በረካው ሲቀዳ ፍሙ ገና ጉልበት አለው፤ የማታውን ሽሮ ወይም የመታጠቢያ ውሃ ያኔ ጣዱ። የተረፈውን ፍም በውሃ ከማጥፋት አመድ አልብሱት ወይም በቆርቆሮ ክደኑት፤ ነገ ይነዳል። በር ተዘግቶ ግን ከሰል ቤት ውስጥ አይደር፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል። እንጀራ የምትጋግሩ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል የሚበላው ብዙ ነው፤ አንዴ ከጋለ የሁለት ቤት ሊጥ በተከታታይ ቢጋገርበት ያ ሙቀት አይባክንም። የተረፈ እንጀራ በድሬ ፀሐይ ድርቆሽ ለመሆን ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ቆርሳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። አምፖል ሲቃጠል ኤልኢዲ ተኩበት፤ 9 ዋቱ የድሮውን የ60 ዋት ብርሃን ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ስትለምዱ፣ ምናልባት ዓመት ይፈጃል፣ ከበራችሁ ውጡና የፍሳሹን ቦይ እዩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ጎርፍ ያመጣው ላይኛው ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ነው፣ የእኛ ቦይ አይደለም፤ የሰፈራችንን ውሃ ወደ ቤታችን የሚመልሰው ግን በፌስታል የተደፈነ ቦይ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሳያልቅ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከግራና ከቀኝ ጎረቤት ጋር በራችሁ ፊት ያለውን ብቻ ጥረጉ። አካፋና ሁለት ማዳበሪያ ይበቃል። ፌስታሉንና ሃይላንዱን በአንዱ፣ ደለሉን በሌላው። ደለሉን ቦዩ ዳር አትከምሩት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ ግቢ ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ቦታ ካለ ሙሉበት። የታጠበውን ሃይላንድ ለቆራሌው አስቀምጡለት።