በ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሞቱ የአካባቢ ሰዎችን ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የሞት መዝገብ ከፍቶ «ኢንፍሉዌንዛ» የሚለውን ቃል ብቻ ማሰስ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ በሽታውን የሚያረጋግጥበት ምርመራ አልነበረውም። ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ገና በ1933 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ሐኪሙ ያየውን ይጽፋል፦ የሳንባ ምች፣ ብሮንካይትስ (የመተንፈሻ ቧንቧ መቆጣት)፣ የልብ ድካም። ደግሞም ብዙውን ሰው የጨረሰው ጉንፋኑን ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነው። እነዚህንም ሰብስቡ፤ ግን «ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ የተመዘገበ» እና «ሊሆን የሚችል» ብላችሁ ለዩዋቸው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በኦክቶበር 1918 የሞተውን ሁሉ በወረርሽኙ ማሳበብ። ያኔም ሰው በሳንባ ነቀርሳ፣ በወሊድ፣ በአደጋ ይሞት ነበር። መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በዚያው ወር ስንት ሰው እንደተቀበረ ቁጠሩና አወዳድሩ። ዕድሜውንም እዩ። ይህ ወረርሽኝ ሕፃናትንና አዛውንቶችን ብቻ አልወሰደም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጭምር እንደ ቅጠል አርግፏል። የ28 ዓመት ሰው፣ «የሳንባ ምች»፣ አራት ቀን ታሞ፣ በዚያው ሳምንት ሚስቱም ተከትላው። እንዲህ ያለ መስመር ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

በአንድ ወር ብቻ መወሰንም ያሳስታል። በብዙ አገር በሽታው በሦስት ዙር ነው የመጣው፤ በ1918 ጸደይ፣ ከሁሉ በከፋው መኸርና በ1919 መጀመሪያ። አውስትራሊያ መርከቦችን በኳራንቲን ስላገደች ዋናው ሞት የደረሰባት በ1919 ነው። የአካባቢያችሁን ጊዜ ራሱ መዝገቡ ይንገራችሁ።

ጋዜጣ ዝም ካለ በሽታው አልነበረም ማለትም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ የነበሩት አገሮች ወሬውን በሳንሱር ያፍኑት ነበር። ገለልተኛዋ ስፔን በነፃነት ስለዘገበች ነው በሽታው «የስፔን ጉንፋን» ተብሎ ስሙ እሷ ላይ የተለጠፈው። ለማንኛውም የቀብር ማስታወቂያዎቹን አንብቡ፤ ዋናው ዜና የደበቀው እዚያ ይወጣል።

የመቃብር ድንጋይ ብቻ ቆጥሮ መጨረስም አያዛልቅም። ድሃ ድንጋይ አያቆምም፤ ሞት ሲበረታ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ይገባል። በአላስካዋ ብሬቪግ ሚሽን በኖቬምበር 1918 ከ80 አዋቂዎች 72ቱ በአምስት ቀን ውስጥ አልቀው በጅምላ ነው የተቀበሩት።

በመጨረሻም ከአገሩ ርቆ የሞተውን አትርሱ። ወታደሩ ካምፕ ውስጥ፣ ነርሷ በሠራችበት ሆስፒታል ነው የሚመዘገቡት። በጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ላይ ካሉት ስሞች ጀምራችሁ የሞታቸውን ምክንያት በወታደራዊ መዝገብ አጣሩ፤ ጥይት ያልነካው ብዙ ሰው ታገኛላችሁ። ከሌላ ቦታ መጥቶ እናንተ ጋ የሞተውን እንግዳ ትቆጥሩት እንደሆነም ሥራውን ሳትጀምሩ ወስኑ፤ መሀል ላይ ከቀየራችሁ ድምሩ ሁሉ ይበላሻል።