ለኤሊያችሁ ምን ይጎዝጎዝላት? ለባህር ዳርና ለጣና ዳር ሰዎች

ኤሊ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ስለ ምግቧ ይጠይቃል። ጎመን ትበላለች ወይ፣ ቲማቲም ይስማማታል ወይ። ከስሯ ምን ይነጠፍላት ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ኤሊ እኮ ስታርፍም ስትተኛም ሆዷ መሬት ላይ ነው። ጉዝጓዙ ውሎ አድሮ እርጥብ ከሆነ ሆዷ ይቆስላል፣ ከቦነነ ዓይኗንና ሳንባዋን ያስቸግራታል፣ የሚያንሸራትት ከሆነ ደግሞ እግሯ ይጎዳል።

እኛ ቤት ይህን ያወቅነው ኤሊያችን ከታመመች በኋላ ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤት አስገብተን ሴራሚኩ ላይ ሰጋቱራ አነጠፍንላት። ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። ነሐሴ ላይ ሽታ ሲመጣ አንስተን ብናያት የሆዷ ቅርፊት በአንድ በኩል ነጣ ብሎ ለስልሷል። ለካ ሽንቷ ወደ ታች እየወረደ ሰጋቱራው ከስር በስብሶ ኖሯል። የእንስሳት ሐኪም እያጸዳን አዮዲን እንድንቀባላትና ደረቅ ቦታ እንድናኖራት ነገረን። እስክትድን ወራት ፈጀባት፣ በጣም አዘንኩ።

አሁን የምጠቀመው አፈር ነው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ። አፈሩን ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት ካልነካው ቦታ ውሰዱ። በወንፊት ንፉት፤ ሚስማር፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ የፌስታል ቁራጭ አይጠፋውም፣ ኤሊ ደግሞ ያገኘችውን ትቀምሳለች። ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ አስጡት። አሸዋውን ከግንባታ ቦታ የምታመጡ ከሆነ ሲሚንቶና ኖራ እንዳልነካው እርግጠኛ ሁኑ። አሸዋ ብቻውን ማንጠፍ ግን ይቅርባችሁ፤ ከምግብ ጋር እየተዋጠ አንጀት ይዘጋል። የፎገራ ዓይነት ጥቁር አፈርም አልወደውም፣ ሲረጥብ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል።

ውፍረቱ ለትልቋ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይበቃል። ዋናው ነገር ከላይ ደረቅ፣ ከስር ትንሽ እርጥብ መሆኑ ነው። ውሃውን ከላይ አትርጩት፣ በጥግ በኩል ቀስ ብላችሁ አፍስሱት፣ ወደ ታች ይሰርጋል። ከስር አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨምቁት። ቅርጹን ይዞ ከቀረና ውሃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ ከተበተነ ደርቋል።

ጫጩት ኤሊ ያላችሁ እርጥበቱን በተለይ ጠብቁ። በጣም ደረቅ ቦታ ያደገች ኤሊ ጀርባዋ ጉብ ጉብ ብሎ ያድጋል፣ ያ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም። ለትንሿ ከመደበቂያዋ ስር ያለውን አፈር ከሌላው ቦታ ትንሽ ረጠብ አድርጉት።

ቤት ውስጥ በቀላሉ የምናገኘው ሁሉ አይሆንም። ቄጠማ ለቡና ስነ ሥርዓት ያምራል፣ ኤሊ ስር ግን በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል። ጭድና ከወረታ በኩል የሚመጣው የሩዝ ገለባም እንደዚያው ነው፤ ሲረጥብ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሲደርቅ ይቦናል፣ ጫፉ ዓይን ይወጋል። የጽድና የባህር ዛፍ ፍቅፋቂ ደግሞ ጠረኑ ራሱ ይጎዳል፣ ያ ደስ የሚል ሽታ ለኤሊ ሳንባ አይስማማም። ከአናጺ ቤት የሚመጣ ሰጋቱራ ላይ ሙጫና ቀለም አለ። ጋዜጣ ለታመመች ኤሊ ለጥቂት ቀን ይሆናል፣ ንጹሕ ስለሆነ ቁስሏን ለማየት ይመቻል፣ ለዘለቄታው ግን ያንሸራትታታል፣ መቆፈርም አትችልም።

ግቢ ውስጥ የምታኖሯት ከሆነ ክረምቱን አስቡ። ሐምሌና ነሐሴ የኛ ዝናብ አፈሩን ሁሉ ሐይቅ ያደርገዋል። ማደሪያዋን ከግቢው ከፍ አድርጉት፣ ከታች ጠጠር ከላይ አፈር፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር የሆነችው ኤሊ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡባት አትችልም፣ ቶሎ አፍንጫዋ ይፈሳል። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ሌሊቱ ስለሚበርድ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቧት። ደረቅ ቅጠል የምትጨምሩላት ከሆነ መጀመሪያ አራግፉት፣ ጉንዳን ይዞ ይገባል፤ ጉንዳን ጫጩት ኤሊ ይገድላል።

ምግቧን አፈሩ ላይ አትጣሉት። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አስቀምጡና እዚያ ላይ አድርጉላት፣ አፈር አትውጥም፣ ጥፍሯም ድንጋዩ ላይ ስትረግጥ ይሞረዳል።

ኩሷን በየቀኑ አንሱ፣ በሳምንት አንዴ አፈሩን ገልብጡት፣ በሦስት በአራት ወር ሙሉውን ቀይሩት። እኔ ክረምት ሊገባ ሲል ግንቦት መጨረሻ ላይ እቀይራለሁ፣ ከዚያ መስከረም ላይ ጸሐይ ስትወጣ እደግመዋለሁ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆቹንም አስታጥቡ፤ ኤሊ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። በየሳምንቱ አፈሩን ስትገለብጡ እሷንም ቀስ ብላችሁ አንሷትና የሆዷን ቅርፊት እዩት፣ አሽትቱት።