ወጥ ወረቀት ላይ ሲበላሽ፦ የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ገልጦ፣ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ፣ ወጡ እንቢ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ራሱን ነው። «ድሮም ሙያ የለኝም» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መጽሐፉን ነው። ጥሩ ባለሙያ የሆነች ሴት ዓይኗን ጨፍና የምትሠራውን ነገር ስትጽፍ፣ እጇ ብቻ የሚያውቀው ሁሉ ከገጹ ይቀራል። አዳዲስ መጻሕፍት በወጡ ቁጥር የማገኛቸው ስህተቶች የሚመነጩት በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

ልኬትን ለአንባቢ ግምት መተው

«ሁለት ሲኒ ዘይት» ይላል ገጹ። በየትኛው ሲኒ? የቡና ሲኒያችን ከ80 ሚሊ ሊትር ብዙም አያልፍም፤ አሜሪካ የሚሸጠው መለኪያ ኩባያ ግን 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ሜሪላንድ ያለች አንባቢ በዚያ ኩባያ ከለካች ድስቷ በዘይት ተጥለቀለቀ ማለት ነው። «አምስት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሱፐርማርኬት የተገዛ አንድ ትልቅ ራስ፣ ከሐበሻ ሽንኩርት ሦስትና አራቱን ሊመዝን ይችላል። መፍትሔው ግራም መጻፍ ነው። እናት በእፍኝ ስትዘግን፣ እፍኙ ድስቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሚዛን ላይ ይረፍ። «ጨው በቂ» ለሚለው ሐረግ ትንሽ አዝንለታለሁ፤ ቢሆንም «በ1 የሻይ ማንኪያ ጀምረሽ ቅመሺ» ቢባል ማንን ይጎዳል?

ሽንኩርቱን በአንድ መስመር ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። «ሽንኩርቱን ቀይ እስኪሆን ማቁላላት» ተብሎ ይታለፋል፤ የውጭ አሳታሚ እጅ ከገባበት ደግሞ «10 ደቂቃ» ይታከልበታል። በ10 ደቂቃ የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚደርስበት ቤት አላየሁም።

አንድ ኪሎ ተኩል ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት ደረቅ ድስት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፤ ይንፈቀፈቃል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ውሃው ሲመጠጥ ድምፁ ይለወጣል፣ ታቹም መያዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጠብ የምትደረገው ውሃ፣ በማማሰያ የሚፋቀው የድስቱ ታች፣ ከነጭ ወደ ወርቃማ ከዚያም ወደ ቡናማ የሚሄደው ቀለም፦ የወጡ ጣዕም የሚሠራው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ዘይትና በርበሬ ሲገቡ ማቁላላቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የበርበሬው ጥሬ ሽታ ሳይጠፋ ዶሮው ከገባ በኋላ የሚጨመር ቅቤ ወጡን አያድነውም።

ደቂቃው ይጻፍ፤ ምድጃ ከምድጃ ስለሚለያይ ግን ብቻውን አይበቃም። የሚሸተው፣ የሚሰማውና የሚታየውም ይጻፍ። ፎቶግራፍ መነሣት ያለበትም እዚህ ነው። ያማረ መሶብ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ሞልቷል፤ የሽንኩርቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን ያሳየ መጽሐፍ ግን ስንት አለ?

በሌላ ገጽ የሌለ ነገር ማዘዝ

«ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ፣ መከለሻ» ተብሎ ይዘረዘራል። ሦስቱም ራሳቸው ሙያ የሚጠይቁ ናቸው፤ አዘገጃጀታቸው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የአንዱ ቤት በርበሬ የሌላውን ቤት በርበሬ እጥፍ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ጸሐፊው በየትኛው እንደ ለካ ይናገር። በምትክ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮረሪማ የጠፋበት ሰው ሄል ቢጨምር ሌላ ጣዕም ያገኛል፤ ኮሰረት ለጠፋበት ደግሞ «ያለ ኮሰረት አንጥሩት» ብሎ መጻፍ የማይመስል ቅጠል ከመጠቆም ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ሞክሮ ለዓለም መጻፍ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ምስርና ሽምብራ እዚህ የሚወስዱት ጊዜ ለቴል አቪቭ ወይም ለዱባይ ከሚገባው በላይ ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ያመነች አንባቢ ድስቷን ስትከፍት ገንፎ ታገኛለች። እንጀራ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። በክረምት ብርድ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት በማግሥቱ ሊኮመጥጥ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ምልክቱ ይነገር፦ ውሃው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ሽታው ሲለወጥ።

በውጭ አገር በሚታተሙ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ይቀነሳል፣ በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ እየተማሰለ ይወፍራል፣ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ይህን ዘልሎ «እንጀራው ዓይን አላወጣም» ብሎ ጤፉን መውቀስ ግፍ ነው።

የአንድ አካባቢ ማድ ቤትን የአገር ሁሉ ማድረግ

«የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ ርእስ ተሰጥቶት ከሽሮ፣ ከዶሮ ወጥና ከጥብስ የማያልፍ መጽሐፍ ርእሱን ያሳጥር። የትግራይ ጥህሎ፣ የወለጋ አንጮቴ፣ የጉራጌ ቆጮ ካልገቡ የጎደለው ብዙ ነው። ሲገቡም በእውነት ይግቡ። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚብላላ ነው፤ በአፓርታማ ማድ ቤት እንደሚሠራ አድርጎ ማቅረብ አያስፈልግም። የጾም ምዕራፍ ውስጥ የገባች ቅቤ ደግሞ የአርታኢ ጥፋት ናት።

ሳያስፈትኑ ማሳተም፣ ሳያመሰግኑ መገልበጥ

አዘገጃጀቱን ወጥ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ስጡና አጠገቡ አፋችሁን ዘግታችሁ ቁሙ። የሚጠይቃችሁ እያንዳንዱ ጥያቄ ከገጹ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ነው። መገልበጥን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ዘዴን አይደለም። ስለዚህ ቁሌት የማንም ንብረት አይሆንም፤ የሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር ግን የዚያ ሰው ነው። ያስተማረች ጎረቤት ካለች ስሟ ቢነሣ ገጹ አይጠብም።

ልብ ወለድ ውስጥ ዘመንን የሳተ ድስት

ማድ ቤት የልብ ወለድም ቦታ ነው፤ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች ግን ድስቱን ሳይመረምሩ ያልፋሉ። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ቀይ ዶሮ ወጥ የቀረበበት ግብር ካነበብኩ መጽሐፉን ልዘጋው ይዳዳኛል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ካቀረቧቸው ስጦታዎች አንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት ስጦታ የሚበቃ ውድ ነገር እንደነበር ጸሐፊው ቢያውቅ፣ አንዲት ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ብቻዋን ትዕይንት በሆነችለት። ድንች የ19ኛው መቶ ዘመን እንግዳ ነው፤ የባሕር ዛፍ ማገዶም በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው። ቡናም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በብዙ የደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ የሙስሊሞች መጠጥ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠፈር የቄስ ሚስት ረከቦት ዘርግታ ከታየች ማብራሪያ ያስፈልጋታል።

በዘመናችን ታሪክ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፦ ለአማርኛ አንባቢ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ምን እንደሆኑ ማስረዳት። ቡናው እንዴት እንደሚቆላ ሁላችንም እናውቃለን። በረካው ሳይደርስ ጫማውን አጥልቆ የወጣ ባል ግን ሦስት ገጽ ያስኬዳል።