እንጀራ ከነፌስታሉ፦ በካሊፎርኒያ የምግብ ትራፊ ሕግ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ካሊፎርኒያ ውስጥ በአብዛኛው ከተማ የምግብ ትራፊን ከሌላ ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ መጣል ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ሕግ መጣስ ነው። ሕጉ ኤስቢ 1383 ይባላል፤ የተፈረመው በ2016 ነው። ምግብ ከቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብሮ፣ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል። ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። ተለይቶ ከተሰበሰበ ግን ኮምፖስት (የተብላላ ማዳበሪያ) ይሆናል፣ ወይም ጋዙ ተይዞ ለኃይል ይውላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ ላይ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ግሮሰሪዎችና ቤተሰቦች ደግሞ የራሳቸው የስህተት ዓይነት አላቸው።

የሻገተ እንጀራን ከነፌስታሉ መወርወር

ቀዳሚው ይሄ ነው። ተረስቶ የከረመ የእንጀራ ጥቅል ሻግቶ ሲገኝ፣ ማን ይነካዋል ተብሎ እንዳለ የሚበሰብስ ነገር የሚጣልበት አረንጓዴው ገንዳ ውስጥ ይገባል። ለእንጀራው ቦታው ነው፤ ሻጋታውም ችግር የለውም። ፌስታሉ ግን ኮምፖስት ማምረቻው ውስጥ ተበጣጥሶ ከብስባሹ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ በኋላ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም። ማሸጊያውን ቀድዶ እንጀራውን ማራገፍና ፌስታሉን ወደ ተራው ቆሻሻ መላክ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«ባዮዲግሬዴብል» (በተፈጥሮ የሚበሰብስ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ፌስታልም አያድንም። እንዲያውም ካሊፎርኒያ ፕላስቲክን በዚያ ስም መሸጥ ከልክላለች። ከተማዎ «ኮምፖስተብል» (ኮምፖስት መሆን የሚችል) የተባለውን ይቀበል እንደሆነ ሳያጣሩ እሱንም አይጠቀሙ። ጋዜጣ ወይም የወረቀት ከረጢት ብዙ ቦታ አያጣላም።

ብዙ ሰው ወደ ፌስታል የሚመለሰው ሽታውንና ዝንቡን ፈርቶ ነው። መፍትሔው ወጥ የነካውን ትራፊና የዶሮውን አጥንት በዕቃ አድርጎ ቆሻሻው እስከሚነሣበት ዋዜማ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ነው። ገንዳው ሥር ጋዜጣ ከተነጠፈ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ከላይ ሲደረግ ደግሞ ሽታውን ያፍናል።

ዘይት፣ ከሰልና የፕላስቲክ ቄጠማ

ወጥ ላይ ያለው ቅቤ ከትራፊው ጋር ቢሄድ ችግር የለውም። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ግን አረንጓዴው ገንዳ ውስጥ አይፈስስም፤ ማጠቢያ ውስጥማ ጭራሽ፣ ቧንቧውን ይደፍናል። ምግብ ቤት ከሆነ የተጠቀሙበትን ዘይት የሚሰበስብ ድርጅት አለ፤ ቤት ከሆነ ደግሞ ቀዝቅዞ በተዘጋ ዕቃ ከተማው ወደሚቀበልበት ቦታ ይወሰዳል።

ቡና ከተፈላ በኋላ አተላው ወደ አረንጓዴው፣ የከሰሉ አመድ ግን ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ታስሮ ወደ ተራው ቆሻሻ ይሂድ። ውስጡ ፍም የቀረ አመድ ገንዳውን አልፎ መኪናውንም ያቃጥላል። የተነጠፈው እውነተኛ ቄጠማ ከጓሮ ሣር ጋር አንድ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው የፕላስቲኩ ግን መቼም አይበሰብስም።

የሌላ ከተማ ዘመድ የነገረውን መከተል

ሕጉ የስቴቱ ቢሆንም አሠራሩን የሚወስነው ከተማው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የምግብ ትራፊ መለየትን በ2009 ግዴታ አድርጋለች፤ «ኮምፖስተብል» ፌስታልም ትቀበላለች። ሳን ሆዜ ደግሞ ነዋሪው የምግብ ትራፊውን ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዲጥል አድርጋ በኋላ በማሽን ታስለየዋለች። ስለዚህ የሳን ሆዜው ዘመድዎ «እኛ ጋ አይለይም» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ኦክላንድ ላይ ግን አይሠራም። የሚታመነው የሚኖሩበት ከተማ ድረ ገጽና ገንዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ብቻ ነው።

«እኛ ትንሽ ነን»

እዚህ ላይ ሁለት ግዴታዎች ይምታታሉ። የሚበላ ምግብን ለተቸገረ የማስተላለፍ ግዴታ ያለበት ትልቁ ነው፤ ከምግብ ቤቶች 250 መቀመጫ ወይም 5,000 ስኩዌር ፊት ያለውና ከዚያ በላይ የሆነው፣ እሱም ከ2024 ጀምሮ። ትራፊን የመለየት ግዴታ ግን ስምንት ጠረጴዛ ያላትንም ቤት ይመለከታል። ከተማው ነጻ ሊያደርግ የሚችለው በሳምንት የሚወጣው የሚበሰብስ ቆሻሻ ከ20 ጋሎን በታች ሲሆን ነው። የቤቱ ጠቅላላ ቆሻሻ 2 ኪዩቢክ ያርድ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ከ10 ጋሎን በታች መሆን አለበት። 10 ጋሎን ማለት ባለ 5 ጋሎኑ ባልዲ ሁለት ጊዜ ሲሞላ ነው፤ የቁሌት ሽንኩርት የሚልጥ ቤት በልጣጭ ብቻ ያልፈዋል። ነጻ መሆኑም በማመልከቻ እንጂ በራሱ አይመጣም።

ቤተ ክርስቲያንና የማኅበር አዳራሽም «ንግድ አይደለንም» ማለት አይችሉም። ሕጉ ለትርፍ የማይሠራውንም ድርጅት ይጨምራል። የዝክር ማግስት ቆሻሻ ከማንም አያንስምና፣ ሰው ሳህኑን የሚጥልበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴውና ሰማያዊው (የሪሳይክል) ገንዳ ከተራው አጠገብ ይቁሙ፤ መጸዳጃ ቤት ብቻ ቀሪ ነው። ብቻውን ርቆ የተቀመጠ አረንጓዴ ገንዳ ባዶውን ይውላል።

ገንዳውን ለአከራይ መተው

ሱቆች በጋራ በሚጠቀሙበት ግቢ ገንዳውን የማቅረብ ኃላፊነት በአብዛኛው የባለቤቱ ነው፤ በትክክል መለየት ግን የተከራዩም ግዴታ ነው። አረንጓዴ ገንዳ ከሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ደብዳቤውን ያስቀምጡ። አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ያለው አፓርታማ እንደ ንግድ ስለሚቆጠር፣ ባለቤቱ ለአዲስ ተከራይ በገባ በ14 ቀን ውስጥ አሠራሩን ማሳወቅ አለበት።

ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ማስገባት

የተረፈውን ወጥ ለበጎ አድራጎት መስጠት የሚፈልግ ምግብ ቤት ሁለት ነገር ይፈራል። የመጀመሪያው ክስ ነው፤ በቅን ልቦና ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠን የ1996ቱ የፌዴራል ሕግም የካሊፎርኒያም ሕግ ይከላከሉለታል። ሁለተኛው መበላሸቱ ነው፤ ይሄኛው ፍርሃት ትክክል ነው። ሽሮና ምስር ወፍራም ስለሆኑ ትልቅ ድስት ውስጥ መሐላቸው ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል፣ ባክቴሪያም የሚራባው እዚያ ነው። የጤና ደንቡ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 70 በ2 ሰዓት፣ ከ70 ወደ 41 ደግሞ በተጨማሪ 4 ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ወጡን ጎድጓዳ ባልሆኑ ትሪዎች በስሱ አፍስሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፣ ከታች በረዶ አኑሩ፣ መሐሉን በቴርሞሜትር ለኩ። ትሪው ላይ የምግቡን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም መተማመኛ ይሆናል። ደንበኛ ገበታ ላይ ቀርቦ የተመለሰ ምግብ ግን አይሰጥም፤ ቀጥታ ወደ አረንጓዴው።

ማስጠንቀቂያውን መሳቢያ ውስጥ መክተት

የመጀመሪያው ወረቀት ቅጣት አይደለም፤ ለማስተካከል 60 ቀን ይሰጣል። ካለፈ ግን በስቴቱ ደንብ የመጀመሪያው ቅጣት ከ50 እስከ 100 ዶላር፣ ሁለተኛው ከ100 እስከ 200፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ከሆነ ከ250 እስከ 500 ዶላር ነው። ወረቀቱ እንደደረሰ ቆሻሻ የሚያነሣው ድርጅት ጋ ደውለው አረንጓዴ ገንዳ ያስመዝግቡ። ደረሰኙን፣ የገንዳዎቹን ፎቶና ሠራተኞችን ያሰለጠኑበትን ቀን አያይዘው በ60 ቀኑ ውስጥ ለከተማው ይላኩ።