የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ስታደርጉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

የወረደ የዓይን ቆብ ማስተካከል ወይም ከዓይን ሥር ያበጠውን ከረጢት ማስወጣት እንደ ቀላል ነገር ይወራል። ሐኪሞች ብሌፋሮፕላስቲ ይሉታል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ታክሞ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ማገገሙ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እናቴን ሳስታምም የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ስህተት «ሰው እንዳይሰማ» ከሚል ጭንቀት እንደሚመጣ ነው።

ለሐኪሙ ሁሉን አለመናገር

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢ ደም እንዲፈስ ያግዛሉ። በየቀኑ የሚጠጡት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ወይም ነጭ ሽንኩርትም ካለ ይናገሩ። አስፕሪኑ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን በራስዎ እንዳያቆሙት። የዓይን ድርቀት፣ የታይሮይድ ሕመም ወይም ቀድሞ በትራኮማ ምክንያት የተሠራ ቆብ ካለም አይደብቁ።

«ትርፉን ቆዳ በሙሉ ቁረጥልኝ» ማለት

ዓይን የሚከደነው በዚያው ቆዳ ነው። ከቅንድብ እስከ ሽፋሽፍት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቆዳ መቅረት አለበት። ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ተኝተው እንኳ ዓይንዎ አይገጥምም፣ ይደርቃል፣ ይቆስላል። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ቆዳው ሳይሆን ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ መድከሙ ነው። እሱ ሌላ ሕክምና ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻን ማደር

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አልፎ አልፎ ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም ይጠራቀማል። ደሙ ነርቩን ይጫናል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰበት ማየት እስከ መጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በአንድ ዓይን በኩል የሚብስ ኃይለኛ ሕመም፣ ዓይን ወደ ውጭ መግፋት፣ ማየት መደብዘዝ። ያኔ «ማስታገሻ ወስጄ ልደር» አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። አንድ የሚያምኑት ሰው አብሮ ይደር። እኔ እናቴን በየተወሰነ ሰዓት እየቀሰቀስኩ፣ አንዱን ዓይን እያስከደንኩ ጣቶቼን አስቆጥራት ነበር። ተነጫነጨችብኝ፤ ግድ የለም።

ቶሎ ጎንበስ ማለት

እናቴ በሦስተኛው ቀን «ድኛለሁ» ብላ ልትሰግድ ተነሳች። ከሰዓት በኋላ ፊቷ እንደ አዲስ አበጠ። ጎንበስ ሲሉ፣ ከባድ ዕቃ ሲያነሱ፣ ሆድ ደርቆ ሲያምጡ ደም ወደ ፊት ይወጣል። ቢያንስ ለአንድ ሁለት ሳምንት ስግደቱ ይቆይ፣ ጸሎቱን ቁጭ ብለው ያድርሱ። በሁለት ሦስት ትራስ ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ነገር ይያዙበት፤ በረዶው ግን በቀጥታ ቆዳውን አይንካ። የምጣድ ጭስና የዕጣን ጢስም ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ለጊዜው ራቅ ይበሉ።

የበለዘውን ለመሸፈን መኳኳል

ቅዳሜ ሰርግ አለ ተብሎ ኩል አይነካም። ኩልና ሜካፕ፣ ኮንታክት ሌንስም፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆዩ፣ የሐኪሙንም ፈቃድ ያግኙ። ጥቁር መነጽር ይበቃል። ከፀሐይም ይከላከላል፤ የኛ ቆዳ ቁስል ላይ ፀሐይ ካገኘው ቶሎ ይጠቁራል።

«ለእረፍት ነው» ብሎ ውጭ ሄዶ ቶሎ መመለስ

ከዱባይም ይሁን ከአዲስ አበባ ወደ ኢስታንቡል የሚሄዱ አሉ። ስፌቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የመመለሻ ትኬቱን ከዚያ በኋላ ላለ ቀን ይቁረጡ። አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ የሚያይዎ የዓይን ሐኪም ቀድመው ይፈልጉ።

በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት መፍረድ

አንዱ ዓይን ከሌላው የበለጠ ቢያብጥ የተለመደ ነው። መበለዙ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ጥቂት እብጠትና የጠባሳው መቅላት ግን ወራት ይቆያል። በየሳምንቱ እዚያው መስኮት ሥር ፎቶ ያንሱና ያስተያዩ። «ይስተካከልልኝ» የሚባለው ከወራት በኋላ ነው።