«ደህና ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ በረኪና፣ ላምባና ሌሎችም

ይህን የምጽፈው አዳማ ድንገተኛ ክፍል አዲስ ለተመደባችሁ ልጆች ነው። ነባሮቹም ብታነቡት አይጎዳችሁም። በረኪና የጠጣ ሕፃን ይመጣል። ላምባ የተጎነጨ ይመጣል። ዓይኑ ኖራ የገባበት ግንበኛ፣ ሽንት ቤት ስታጥብ የታፈነች ሠራተኛም ትመጣለች። ሕክምናውን አብዛኞቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። የምንወድቀው እዚያ ላይ አይደለም። የምንወድቀው ጉዳቱን ስንገምት፣ በተለይ ደግሞ ቶሎ ስንገምት ነው።

«በረኪና ነው» ሲሏችሁ ወዲያው መጻፍ

ገበያ ላይ በረኪና በፋብሪካ ጠርሙሱም ይሸጣል፣ በሃይላንድ ተቀድቶም ይሸጣል። ላምባውም በሃይላንድ ነው። ፈሳሽ ሳሙናውም፣ የባትሪ አሲዱም እንደዚያው። የውሃው ወረቀት እንኳን አልተላጠም። በአዳማ ሙቀት የተጠማ የ2 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? አንስቶ ይጠጣዋል። እናትየው ደግሞ በድንጋጤ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ትናገራለች። እናንተ ካርድ ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ይቆማል።

ተራ የቤት በረኪና አንድ ጉንጭ ብዙ ጊዜ አፍና ጉሮሮ አቃጥሎ፣ ቢበዛ አስመልሶ ያልፋል። የቱቦ መክፈቻው ካውስቲክ ሶዳ ግን የምግብ ቧንቧ ይበሳል። ስለዚህ ጠርሙሱ ይምጣ። አባትየው ኮሪደር ላይ ከሚንቆራጠጥ ባጃጅ ይዞ ሄዶ ያምጣው። ሲመጣም አፍንጫችሁን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደፍታችሁ እንዳታሸቱ።

«ምን ያህል ጠጣ?» ስትሉ «ትንሽ ናት» ይሏችኋል። እሱ መልስ አይደለም። ጠርሙሱ በፊት እስከ የት ሞልቶ ነበር? አሁን የት ደርሷል? ልብሱ ላይ፣ መሬት ላይ ምን ያህል ፈሰሰ? የሕፃን አንድ ጉንጭ በግምት 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ። እናትየው ከቦሰት ወይም ከወንጂ በኩል መጥታ አማርኛ ካልቀናት ደግሞ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ጥሩ። በምልክት የተወሰደ ታሪክ ታሪክ አይባልም።

አፍ አይቶ መሸኘት

ይሄኛው ያናድደኛል። እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል። ባትሪ ያበራሉ። «እስቲ አፍህን ክፈት።» ምላስ ንጹሕ፣ ከንፈር ደህና። «ምንም አልሆነም እናቴ፣ ውሰጂው።» አፍ ደህና ከሆነ ጉሮሮም ደህና ነው ያለው ማነው? የተዋጠ ፈሳሽ አፍ ውስጥ አይቆይም፣ ሾልኮ ይወርዳል። ከንፈሩ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ሳትታይ የምግብ ቧንቧው የተቃጠለ ልጅ አለ። አፉ ቆስሎ ቧንቧው የተረፈም አለ። አፍ ማየት ከአጥር ውጭ ቆሞ ጓዳ ውስጥ ያለውን እንደማወቅ ነው።

ይልቅ ቁጭ ብላችሁ ልጁን ተመልከቱት። ምራቁን ይውጣል ወይስ ለሀጩ ይዝረከረካል? ድምፁ ጎርንኗል? አየር ሲያስገባ ሲር ይላል? አስመልሷል? ውሃ ሲያዩት ፊቱን ያዞራል? ማስመለስ፣ ለሀጭና የአተነፋፈስ ድምፅ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገናኙ ከባድ ጉዳት አለ ብላችሁ ተነሱ። ምግብም ውሃም በአፍ አይሰጠው። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የምግብ ቧንቧውን ማየት) የሚያስፈልገው ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «እስቲ ነገ ጠዋት እንየው» ብላችሁ የምታሳድሩት ሌሊት ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ሌላ ቦታ አፉን አይተው ሸኝተውታል። ሳምንታት አልፈው እናቱ ይዛው መጣች። «መጀመሪያ እንጀራ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ፍርፍር፣ አሁን ወተት ብቻ ነው» አለች። ቤት ያለው ሰው «ልጅሽ ሞልቋል» ሲላት ነበር የከረመው። ልጁ አልሞለቀም፣ ቧንቧው ጠቦ ነው። ጠባሳው ማጥበብ የሚጀምረው ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ደህና ነው ብላችሁ የምትሸኙትን ልጅ እናት እንኳን «ጠጣር ምግብ መዋጥ ካስቸገረው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ» በሏት።

ማስመለስና ወተት

ቤተሰቦቹ እናንተ ጋ ሲደርሱ ወተቱ ተጠጥቷል፣ ለማስመለስም ጣት ጉሮሮ ገብቷል። አትቆጡ። ከተቆጣችሁ ይደብቋችኋል። ያስመለሰ ልጅ ደግሞ ካውስቲኩ ሁለት ጊዜ ነው ያቃጠለው፣ ላምባው ከሆነም ሳንባ ሳይገባ አልቀረም። ይሄን ማወቅ አለባችሁ። ከቤተሰቡ ይልቅ የሚገርሙኝ ጨጓራ ማጠቢያ ቱቦ ይዘው የሚሮጡት የኛዎቹ ናቸው። ለካውስቲክም ለላምባም ቱቦ አታስገቡ። መርዝ እንዲመጥ የሚሰጠው ከሰልም ለሁለቱም አይሠራም።

ላምባና የሰዓት ጉዳይ

ላምባ የሚገድለው በሳንባ ነው። «ሲጠጣ ትን አለው? ሳለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገና እንደመጣ የተነሳ ኤክስሬይ ንጹሕ ቢሆን አያጽናናችሁ። ምልክት የሌለው ልጅ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆያል፣ አተነፋፈሱ እየተቆጠረ። ስድስቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከጠጣበት ነው፣ ካርድ ካወጣበት አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እናትየው «8 ሰዓት ላይ ነው የጠጣው» ትላለች። በኛ አቆጣጠር፣ ከምሳ በኋላ ማለቷ ነው። ተቀባዩ 8፡00 ብሎ ይጽፋል። 9 ሰዓት ላይ ተረኛ ይቀየራል። አዲሱ ተረኛ የግድግዳውን ሰዓት ሲያይ 15፡00 ይላል። «7 ሰዓት አልፎታል፣ ደህና ነው» ብሎ ይለቀዋል። ልጁ ከጠጣ ገና አንድ ሰዓቱ ነው! «በኛ» ወይም «በፈረንጅ» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ዓይን

ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ውሃ። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ የዓይኑን ቆብ ገልብጣችሁ ፍርፋሪውን አውጡ፣ አለዚያ ስታጥቡ ብትውሉ ዋጋ የለውም። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እጠቡ። የፒኤች ወረቀት (አሲድነቱን ወይም አልካሊነቱን የሚለካው) የለም የሚል ሰበብ አልቀበልም፤ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፑ ላይ የፒኤች ካሬ አለ፣ እሷን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። 7 አካባቢ ሲደርስ አቁማችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ከቀላ ዓይን ይልቅ የነጣው ያስፈራችሁ። ነጩ ክፍል ደም ሥሩ ጠፍቶ ጸጥ ካለ ጉዳቱ ጥልቅ ነው።

ፀረ ተባዩን አተት ማለት

ዙሪያችን እርሻ ነው። ከቆቃና ከመቂ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ የተረፈ መድኃኒት ቤት ይገባል፣ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ለቅማል ብለው ልጅ ፀጉር ላይ የሚቀቡትም አሉ። ልጁ ሲመጣ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ላብ አጥምቆታል። «አተት ነው» ትሉና ግሉኮስ ትሰቅላላችሁ። የዓይኑን ብሌን ግን ማን አየ? እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ ከሆነ፣ ለሀጩና እንባው ከፈሰሰ፣ ጓንት አጥልቁ፣ ልብሱን አውልቁ፣ ፀጉሩን በሳሙና እጠቡ። ማርከሻውን አትሮፒን ስትሰጡ የምትከተሉት ደረቱን ነው። ብሌኑ ሰፍቶ ደረቱ ገና ቢንኮራኮር አልበቃውም።

ሌላም አለ። እህል እንዳይነቅዝ የሚጨመረው ክኒን ጋዝ ያወጣል። ጆንያው ያለበት ክፍል ያደረ ቤተሰብ በሙሉ ራሱን አሞት፣ እያስመለሰ ከመጣ የምግብ መመረዝ ብላችሁ ወንበር ላይ አታስቀምጧቸው። እየተራመዱ መምጣታቸው አያታላችሁ። የደም ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል።

አሠሪ ፊት መጠየቅ

ልጅቷ ታስላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ከጎኗ ቆመው «ጉንፋን ነው፣ መርፌ ብቻ ውጉልኝ» ይላሉ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እትዬን በትህትና ወደ ካርድ ክፍል ላኳቸውና መጋረጃውን ሳቡ። ያኔ ትነግራችኋለች፦ በሩን ዘግታ ሽንት ቤቱን በበረኪና አጥባ፣ አልለቅ ሲላት አሲድ ጨመረችበት። ክሎሪን ጋዝ ነው የሳበችው። አውቆ የጠጣ ሰውም እንደዚሁ በሰው ፊት አይናገርም። ለብቻው፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠይቁት፣ ከዚያ ግን ለብቻው አትተዉት።

የልጅቷን ደረት አሁን ስታዳምጡት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ስባ ከሆነ ሳንባዋ ውሃ የሚቋጥረው ሰዓታት ቆይቶ፣ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ድረስ ነው። ሳሉ ካልቆመ፣ ደረቷ ከጨነቃት ወይም ኦክስጅኗ ከወረደ አትሸኝም። እትዬ ተመልሰው «ነገ እንግዳ አለብኝ» ቢሉም አልጋ ፈልጉላት፣ ትደር።