ከስቱዲዮ ውጪ ካሜራን ከላፕቶፕ አገናኝቶ ለማንሳት

ከስቱዲዮ ውጪ ካሜራችሁን በገመድ ከላፕቶፕ አገናኝታችሁ የምታነሱ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ለገመዱ ተጨነቁ። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከእሱ ነው። ስልክ ቻርጅ የምታደርጉበት ገመድ ብዙ ጊዜ ዳታ የሚያሳልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ ትልልቅ የሮው ፋይሎች (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጣቸው ፎቶዎች) እየተንቀራፈፉ ይገባሉ። ካሜራው ዩኤስቢ 3 ካለው ለዚያ የተሠራ ገመድ ያዙ። ከ3 ሜትር በላይ ካስፈለጋችሁ ተራ ማራዘሚያ አትቀጥሉ፤ ሲግናል የሚያጠናክረውን፣ አክቲቭ የሚባለውን ግዙ። እኔ ደማቅ ብርቱካናማውን እመርጣለሁ፤ ሰው አይቶት ይሻገራል።

ገመዱን ካሜራው ላይ ሰክታችሁ እንዲሁ አትተዉት። የሆነ ሰው እግር ቢጠልፈው የሚሰበረው የካሜራው መሰኪያ ነው፤ ጥገናውም ቀላል አይደለም። ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ከትራይፖዱ ጋር በቬልክሮ እሰሩት። በላፕቶፑ በኩልም እንደዚሁ።

ካሜራውም ላፕቶፑም በራሳቸው እንዳይጠፉ ሴቲንጋቸውን አስተካክሉ። ፎቶውን ላፕቶፑ ላይ የሚቀበለውን ፕሮግራም፣ ላይትሩምን ወይም ካፕቸር ዋንን፣ ስትከፍቱ ካሜራውን ሊሻሙ የሚችሉ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ። ካሜራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ፎቶው ካርዱም ላይ ይቀመጥ። ይህቺን በፍጹም አትዝለሏት፤ ገመዱ ቢነቀል ወይም ላፕቶፑ ቢበላሽ ሥራችሁ አይጠፋም።

ፀሐይ ላይ የላፕቶፕ ስክሪን ያታልላል። ፎቶው የጨለመ መስሏችሁ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ትጨምራላችሁ። ለስክሪኑ ጥላ ሥሩለት፣ ብርሃኑን ግን በሂስቶግራሙ፣ የፎቶው ብርሃንና ጨለማ እንዴት እንደተሰራጨ በሚያሳየው ግራፍ፣ ፍረዱ። ትርፍ ባትሪም ያዙ፤ እንዲህ ሲሠራ ቶሎ ያልቃል።